መልሰህ ንገረኝ

አክሰንቴን እንዳስተካክል መሥሪያ ቤቴ ትምህርት ቤት ልኮኝ ያውቃል። ሁለት ቀን ሄጄ ተውኩት። ይህን የማወራው አፍሬ አይደለም፤ ያን ጊዜም አላፈርኩም፣ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፣ ሲያትል ውስጥ። ወንድሜና እኔ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሬንተን አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የአውሮፕላን ፋብሪካው ሠራተኞች መንገዱን ከመዝጋታቸው በፊት በጠዋት አውቶቡስ ይዤ መሐል ከተማ እገባለሁ። እዚያ አንድ የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ፤ ሥራዬ አየር መመልከት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁም አውሮፕላን ማረፊያ ይህንኑ ስሠራ ነበር፤ አሜሪካ መጥቼም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ ተማርኩ። ሰው አገር ሲቀይር ሙያ ይቀይራል፤ እኔ ደመናዬን ይዤ መጣሁ።

ቢሮው ሲያትል ይሁን እንጂ እኔ የምመለከተው አየር ከተራሮቹ ማዶ ነበር። እዚያ ዝናብ በማያውቀው ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ አንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ከጣቢያው አጠገብ ቀጭን የብረት ማማ ቆሟል። ማማው ላይ መሣሪያ በሁለት ቦታ ተሰቅሏል፤ አንዱ ከላይ ጫፉ ጋ፣ ሌላው ከታች ከቤት ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይለካሉ። ልኬቱ በስልክ መስመር ተራራ ተሻግሮ እኛ ቢሮ ፕሪንተር ላይ ይወጣል።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? አንድ ቀን ከጣቢያው ጨረር ቢያመልጥ ተሸክሞት የሚሄደው ነፋስ ስለሆነ ነው። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው ሕዝብ አሸሻለሁ ብሎ ወደ አደጋው ሊነዳ ይችላል። የላይኛውና የታችኛው ነፋስ ደግሞ ሁልጊዜ አይስማሙም። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር መሬት ለመሬት ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል፤ የላይኛው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ጨረሩ ከሕንፃው ግርጌ ካመለጠ የሚከተለው የታችኛውን ነው። የእኔን ሥራ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም።

ጣቢያው የራሱ ስክሪን ነበረው። የእኛ ተራ የሚመጣው ስክሪኑ ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን በስልክ እናነብላቸዋለን። በየዓመቱ አደጋ ደረሰ ብለው ሲለማመዱ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ይኸው ስክሪን ነው። ልምምዱን የሚያቀናብሩት ሰዎች ስክሪኑን ሳይገድሉ ጀምረው አያውቁም። ሶ፣ በልምምድ ቀን ስልኩ የሁሉ ነገር እምብርት ነበር፣ ስልኩ ደግሞ የእኔ ነበር።

ከወዲያ ማዶ የሚያነሳው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በጣቢያው የአደጋ ጊዜ ክፍል ውስጥ የአየሩን ቁጥር ተቀብሎ ጨረር የሚለኩትን መኪኖች የሚያሰማራ፣ ድምፀ ወፍራም ሰውዬ። ፊቱን አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ሳነብለት «ምን አልሽ?» አለኝ። ደገምኩለት። «ምን?» አለ። ስልክ ላይ መጮህ አልወድም፤ «በል አንተ ንገረኝ፤ ምን አልኩህ?» አልኩት።

ይህችን የተማርኳት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ እናቴ ሱቅ ስትልከኝ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለሺ» ትለኛለች። እኔ ምራቁ እንዳይቀድመኝ ተስፈንጥሬ ልሮጥ ስል ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ «ቁሚ! ምን አልኩሽ?» ትላለች። አንድ በአንድ ካልደገምኩላት አትለቀኝም። ጨው ተልኬ ስኳር ይዤ ከተመለስኩ ወዲህ ያወጣችው ሕግ ነው። ይኸው የእናቴ ሕግ ባሕር ተሻግሮ ኑክሌር ጣቢያ ገባ። ሰውዬውም ለመደው። ቁጥሩ መጀመሪያ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ በዲግሪ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን በሰዓት ይናገራል። እኔ «የታችኛው፣ ሁለት ዘጠኝ ዜሮ፣ አራት ማይል፤ መልሰህ ንገረኝ» ስል እሱ «የታችኛው፣ ሁለት ዘጠኝ ዜሮ፣ አራት ማይል» ይላል። ከተሳሳተ አርመዋለሁ። ካልደገመ ወደሚቀጥለው ቁጥር አልሄድም፤ ቀሚሱን ይዤዋለሁ ማለት ነው።

በሰማንያ ስድስት ጸደይ ላይ በሶቪየት አገር ያ ዓለም ያወቀው የኑክሌር ጣቢያ ፈነዳና ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሥራዬን የሰማ ሐበሻ ሁሉ ቤቴ ኮል ያደርግ ጀመር። «እህቴ፣ ዝናቡ ሰላም ነው?» ይሉኛል። ሲያትል ተቀምጦ ዝናብ መፍራት ዓሣ ውሃ ሲፈራ ነው፤ ቢሆንም ፍርሃት ነውና ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ። አንዷ ልብስ ውጭ አስጥታ ኖሮ ላስገባው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወላሂ፣ ሲያትል ውስጥ ልብስ ውጭ የሚያሰጣ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ቢሮዬም ደነገጠ። ለመጪው መኸር ልምምድ የመንግሥት ገምጋሚዎች ጣቢያው ብቻ ሳይሆን እኛም ዘንድ መጥተው እንደሚቀመጡ ተነገረ። አለቃዬ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና «ሥራሽ አንደኛ ነው» ብሎ ጀመረ። ምስጋና በሩ ተዘግቶ ከመጣ ከኋላው ሌላ ነገር አለ።

«ጣቢያው ያሉት ሰዎች አንቺን ለመስማት ጊዜ ይወስድባቸዋል» አለኝ። «በአደጋ ላይ ደግሞ ጊዜ የለም። በዚህ ልምምድ ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝ። አንቺ ፕሪንተሩ ጋ ሆነሽ ወረቀቱን ታቀብዪዋለሽ።»

«ቅሬታ ያቀረበ አለ?» አልኩት።

«የለም፤ ለአንቺም ብለን ነው» አለና የአክሰንት ማስተካከያ ትምህርት እንዳዘጋጁልኝ ነገረኝ። ለእኔ ብለው! በዚያ ቢሮ ስልኩን የያዘ ሰው የአየር ኃላፊ ይባላል፤ ፕሪንተር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወረቀት አቀባይ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ወረቀት አቀባይ ነው። ልፍስፍስ ብዬ እሺ ብል ያ ወንበር ወደ እኔ እንደማይመለስ አውቅ ነበር። እምቢ ብል ደግሞ ከነጭራሹ መባረር ነበር። ለጊዜው ትምህርቱን ልጀምር አልኩ።

ትምህርቱ በሳምንት አንድ ምሽት ነበር። አስተማሪዋ ለእያንዳንዳችን ትንሽ መስታወት ሰጠችን፤ ከንፈራችንን እያየን ቃል እንድንደጋግም። አጠገቤ አንድ የቬትናም ሰው ተቀምጧል፤ በአገሩ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ስንት ሆድ ከፍቶ የዘጋ ሰው መስታወት ፊት ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ ሳይ ደሜ ፈላ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ካፖርቴን ለበስኩ። አስተማሪዋ ወዴት ስትለኝ «ሥራ አለብኝ» ብያት ወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ዴ ሞይን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የመንገደኛ መኪና ፓርክ የሚያደርግ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ምሳ በልተን ስንጨርስ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«ዝም በይ» አለኝ። «ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ወንድም ጋሼ። ዝም ያለው ሰውዬ ነው የሚነቅዘው።»

«ደሞዝሽን ነኩ?»

«አልነኩም።»

«ታዲያ ስልክ ምን ያደርግልሻል? እኔ ቀኑን ሙሉ ‹ቁልፉን ስጠኝ፣ ቁልፉን እንካ› ከማለት ሌላ ምን አወራለሁ? ማን ሞተ?»

«ቁጥሩ በትክክል እንዲደርስ የማደርገው እኔ ነኝ። ሌላው ይጣደፋል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና ሳቀ። «እንግዲያው ሞኝ ነኝ» አልኩት። እሱም «አብሽሪ፣ አላህ ይርዳሽ» ብሎ ሳህኑን አነሳ። የፈራልኝ ለእንጀራዬ ነው፤ አልፈረድኩበትም።

የልምምዱ ቀን ደረሰ። ሲያትል እንደ ልማዷ ታካፋለች፣ ከተራራው ማዶ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ጠዋት ነበር። ብዙ ጊዜ ለልምምድ የፈጠራ አየር ይሰጠናል፤ የዚያን ቀን ገምጋሚዎቹ በእውነተኛው አየር ይሁን ብለው ወሰኑ። የእኛ ቢሮ ገምጋሚ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ጥጉ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኬን የተረከበው ባልደረባዬ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ድምፁ ደግሞ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው። ጠዋት ሲገባ ዓይኔን ሳያይ «ሐሳቡ የእኔ አይደለም» አለኝ። «አውቃለሁ፤ ቁጭ በል» አልኩት።

እንደተጠበቀው ስክሪኑ ሞተ። ከጣቢያው ጋር ያለው መስመር ተከፈተ፤ እስከ ልምምዱ መጨረሻ ሳይዘጋ ይቆያል፤ የወዲያው ድምፅም በስፒከር ለሁላችን ይሰማል። እኔ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ እየቀደድኩ አቀብላለሁ፣ እሱ ያነባል። እንዴት ያምራል! ቃሉ ከአፉ እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው። ከወዲያ ማዶ ያ ድምፀ ወፍራም ሰውዬ «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። አንዴም መልሶ አላነበበም፤ ባልደረባዬም አልጠየቀውም። አለቃዬ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ይላል። እኔ ቀጣዩን ወረቀት እጠብቃለሁ።

በመሐል የታችኛው ነፋስ ዞረ። ቀዝቃዛው አየር ወንዙን ይዞ ከሰሜን ምዕራብ መውረድ ጀመረ፤ የላይኛው እንደነበረ ከደቡብ ምዕራብ ነው። ወረቀቱ ላይ የላይኛው ከላይ፣ የታችኛው ከታች ታትሟል። አቀበልኩት። ባልደረባዬ በዚያ ውብ ድምፁ፣ በዚያ ፍጥነቱ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አነበበ፤ ሁለት ሁለት ዜሮ። የላይኛው ነው አላለም። «ገባኝ» አለ ሰውዬው። የጠበቀው የታችኛውን ስለነበር የታችኛው ነው ብሎ ተቀበለው። እንደዚያ በቀላሉ ስለተግባቡ አንዱም አልጠየቀም።

በስፒከሩ ሰውዬው የመለኪያ መኪኖቹን ሲልክ እንሰማዋለን፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ፖም እርሻዎቹ። ነፋሱ ግን መሬት ለመሬት ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየወረደ ነው። በዚያ በኩል፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ልምምድ ነው፣ አንድም የፈሰሰ ነገር የለም፤ ልጆቹ የዚያን ሰዓት ምንም ሳያውቁ እየተማሩ ነበር። ግን ያ ትምህርት ቤት ካርታችን ላይ በቀይ የተከበበው ለእንደዚህ ያለው ጠዋት ነው።

አለቃዬን ጠጋ ብዬ «የላይኛውን ነው ያነበበው» አልኩት።

እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ቆይ እንደማለት። ዓይኑ ገምጋሚዋ ላይ ነው። «አሁን አይሆንም። በኋላ እናስተካክለዋለን» አለኝ በሹክሹክታ።

በኋላ! ነፋስ ቆይ ሲሉት ይቆያል? ያን ጊዜ ስለ ወንበሬም ስለ እንጀራዬም ማሰብ ተውኩ። ማዶ ጠረጴዛ ላይ በዚያው መስመር ሁለተኛ ስልክ ነበር። ቢሮውን አቋርጬ ሄጄ አነሳሁት።

«የአየር ክፍል ነኝ» አልኩ፣ ከነአክሰንቴ። «አሁን የተነበበልህ የላይኛው ነው። የታችኛው ሦስት አንድ ዜሮ፣ ሦስት ማይል። መልሰህ ንገረኝ።»

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። መልሰህ ንገረኝ።»

«የታችኛው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሦስት አንድ ዜሮ፣ ሦስት ማይል።» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። «ትምህርት ቤቱ» አለ ለራሱ። ቀጥሎ መኪኖቹ እንዲመለሱ ሲያዝ ሰማነው።

ስልኩን አስቀመጥኩ። የአለቃዬ ፊት ቲማቲም መስሏል። ገምጋሚዋ ትጽፋለች። ባልደረባዬ ወረቀቱን አየው፣ ደግሞ አየው፣ «የላይኛውን ነው» አለ ድምፁ ሞቶ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩ በአማርኛ። «ምን አልሽ?» አለኝ። «ምንም፤ ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን ቁጥር አስደገመ።

ከሰዓት በኋላ ግምገማው በስፒከር ስልክ ሆነ፤ እኛ በዚህ፣ ጣቢያው በዚያ። ገምጋሚዋ ትክክለኛው ቁጥር ለምን ዘገየ ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ጉሮሮውን ጠረገና ምን ቢል ጥሩ ነው? የቢሮው የመግባባት ችግር የታወቀ መሆኑን፣ አንዲት ሠራተኛ የአነጋገር ችግር ስላለባት ማስተካከያ እየተወሰደ ስለነበረ ሽግግሩ እንዳላለቀ አስረዳ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰው አነበበ፣ ሰው ተሳሳተ፤ ጥፋቱ ግን ዞሮ ዞሮ የእኔ ምላስ ላይ አረፈ። ተነስቼ ልወጣ ነበር፤ ከወጣሁ እንደማልመለስ ስለማውቅ ወንበሩን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ገምጋሚዋ ወደ ስፒከሩ ዞረች። «የመጀመሪያው አንባቢ የተናገረው በደንብ ይሰማህ ነበር?» አለችው ሰውዬውን።

«እያንዳንዷ ቃል» አለ።

«መልሰህ አነበብክለት?»

«አይ» አለ። «አስፈላጊ አልመሰለኝም። ግልጽ ነበር።»

«ከሴትዮዋ ጋር ስትሠሩስ?»

«ከእሷ ጋር ሁልጊዜ። ካልደገምኩ አትለቀኝም» አለ፤ ሁለቱም ክፍል ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ስታወራ መጀመሪያ አይገባኝም። ስለዚህ አዳምጣታለሁ።»

ቅር አለኝ። ደስም አለኝ። እውነቱን ለመናገር የትኛው እንደሚበልጥ አላወቅኩም። ግን አፌን የምይዝበት ሰዓት አልነበረም።

«ችግሩ የእኔ አክሰንት ነው ከተባለ» አልኩ ወደ አለቃዬ ዞሬ፣ «እንግዲያው ሁላችሁም አክሰንት ያስፈልጋችኋል። እኔ ሳነብ ማንም ገባኝ ብሎ አልተኛም። መስታወቱ እዚያው ይቅር፤ እኔ ወደዚያ ክፍል አልመለስም። ስልኩንም ስጡኝ።»

ገምጋሚዋ ከዚያ በኋላ ማንም ያንብብ፣ ተቀባዩ መልሶ ሳያነብ ወደሚቀጥለው ቁጥር እንዳይታለፍ ብላ ጻፈች። የእናቴ ሕግ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፈረ። በሳምንቱ አለቃዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ፣ በሩም ሳይዘጋ፣ «ስልኩ ያንቺ ነው» አለኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ባልደረባዬ ራሱ ስልኩን ወደ እኔ ጠረጴዛ አምጥቶ ሰካው።

ማታ ቤት ስገባ ለወንድም ጋሼ ነገርኩት። ፍንድቅ ይላል ብዬ ነበር። ጫማውን እየፈታ «አልሃምዱሊላህ» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «እና በመጨረሻ ማን ሞተ?» አለኝ፣ ሊያናድደኝ።

«ማንም አልሞተም፣ ወንድም ጋሼ። ሥራው እሱ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልክ ተናግሮኝ አያውቅም።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሌላ ችግር መጣ፤ እንግሊዝኛዬ ለሰለሰ። ሳላስበው፣ ያለ መስታወት፣ በአውቶቡሱና በገበያው ለሰለሰ። አንድ ጠዋት በሌላ ልምምድ ለዚያ ሰውዬ የታችኛውን ነፋስ አነበብኩለት። «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» አለና ወደ ሌላ ነገር ሊያልፍ ሆነ። ሕጉ ተጽፏል፤ ጆሮ ግን ሲመቸው ሕግ ይረሳል። ደነገጥኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ቁጥሩን እንደገና አነበብኩለት፤ በዚህ ጊዜ የኮምቦልቻን አፍ አውጥቼ፣ ረገጥ ረገጥ አድርጌ፣ ያ የመስታወት ክፍል ሊያጠፋው የፈለገውን ሁሉ ጨምሬ።

«ምን አልሽ?» አለ።

«አንተ ንገረኝ» አልኩት። «ምን አልኩህ?»

አንድ በአንድ ደገመልኝ።